የባትሪው ዋጋና በዶላር ላይ የሚነገረው ሐሜት

የክረምቱ ዝናም ካባራ በኋላ ያበጠ በር ሊያስተካክል፣ የመጋረጃ ብረት ሊሰቅል ወይም የጓሮውን አጥር ሊያጠብቅ አስቦ ወደ ተክለ ሃይማኖት አለዚያም ወደ መርካቶ የሕንፃ መሣሪያ ሱቆች የወረደ የአዲስ አበባ ነዋሪ፣ የባትሪ ድሪል ዋጋ ሲጠይቅ መደንገጡ አይቀርም፤ ነገር ግን ዋናው ድንጋጤ የሚጠብቀው ከዓመታት በኋላ፣ ባትሪው ደክሞበት «ባትሪውን ብቻ ስጠኝ» ብሎ በተመለሰ ጊዜ፣ የሚነገረው ዋጋ ወደ ሙሉው ሳጥን እኩሌታ የተጠጋ፣ አንዳንዴም ከእኩሌታው ያለፈ ሆኖ ሲያገኘው ነው። ያን ጊዜ ሻጭና ገዢ የሚስማሙበት አንድ ተከሳሽ አለ፤ እርሱም ዶላር ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብርን ምንዛሪ ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ፣ ቀድሞ ከ60 ብር በታች ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲወጣ ሁሉም በዓይኑ ስላየ፣ ክሱ ምስክር ሳይጠራበት ይጸድቃል። የዚህ ዐምድ ጸሓፊ ግን፣ ተከሳሹ በሌላ ብዙ በደል ጥፋተኛ ቢሆንም፣ በዚህኛው ነጻ ሊለቀቅ ይገባዋል ባይ ነው።

የምንዛሪ ለውጥ ጠባዩ ማባዛት ነው፤ የሚያባዛውም ሁሉንም በአንድነት ነው። ለነገሩ ያህል፣ ሁለት ባትሪና ቻርጀር ያለው ሙሉ ሳጥን በ80 ዶላር፣ አንዱ ባትሪ ለብቻው በ35 ዶላር ይሸጣል እንበል፤ ዶላሩ 57 ብር ቢሆን ወይም 150 ብር ቢሆን፣ የባትሪው ዋጋ ከሳጥኑ ዋጋ ከመቶ 44 እጅ ያህል መሆኑ አይለወጥም፤ ቀረጡና ታክሱም በመቶኛ የሚታሰቡ ናቸውና ምንዛሪው ከፍና ዝቅ ባለ ቍጥር ንጽጽሩን አያናውጡትም። እንግዲህ ዶላር ሳጥኑ ስለ ምን እንደ ተወደደ ያስረዳናል፤ ባትሪው ከሳጥኑ አንጻር ስለ ምን ይህን ያህል እንደ ተወደደ ግን ሊያስረዳን አይችልም። ይልቁንም በዚያው ምሳሌ ውስጥ ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው ሌላ ነገር አለ፦ ሁለቱ ባትሪዎች ብቻቸውን 70 ዶላር የሚያወጡ ከሆነ፣ ሞተሩ፣ ማርሹ፣ መያዣው፣ ቻርጀሩና ሳጥኑ በጠቅላላ በ10 ዶላር ተሸጡ ማለት ነው። ይህን ሁሉ በዚህ ዋጋ የሚሰጥ ፋብሪካ በምድር ላይ ስለሌለ፣ ከሁለቱ ዋጋዎች አንዱ ሐሰተኛ መሆኑ ግድ ነው፤ ወይ ሳጥኑ ከሚገባው በታች፣ ወይ ባትሪው ከሚገባው በላይ፣ ወይም (እውነቱ ይህ ነው) ሁለቱም በአንድ ላይ።

ለባለ ፋብሪካው የሚቀርብ መከላከያ አንድ ብቻ አይቻለሁ፤ ከፍትሕ ላለመውጣት ልጥቀሰው። ለብቻው የተጫነ ሊቲየም ባትሪ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በመንገደኛ አውሮፕላን እንደ ጭነት እንዳይሄድ ሲከለከል፣ ከመሣሪያው ጋር አብሮ የታሸገው ግን በገደብ ተፈቅዶለታል፤ ስለዚህ ብቸኛው ባትሪ በመንገድ ላይ የበለጠ ወጪ ይከተለዋል። ይሁን እንጂ ድሪል በብዛት የሚገባልን በባሕር፣ በጅቡቲ በኩል ነውና ይህ ምክንያት ከልዩነቱ ጥቂቱን እንጂ ብዙውን አይሸከምም።

የባትሪው ልባስ ተገፎ ቢታይ ውስጡ ምሥጢር የለበትም። ባለ 18 ቮልት የሚባለው ባትሪ ባብዛኛው 18 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላቸው፣ በቀድሞዎቹ ላፕቶፖች ውስጥ የነበሩትን የሚመስሉ አምስት ሴሎች ተደርድረው የሚገኙበት ነው፤ እያንዳንዱ ሴል 3.6 ቮልት ይሰጣልና ድምሩ 18 ይሆናል፣ አቅሙ ከፍ እንዲል ሲፈለግም ሴሎቹ አሥር ይሆናሉ። በሳጥኑ ላይ «20 ቮልት» ወይም «21 ቮልት» ተብሎ የሚጻፈው ያው ነው፤ ሴሎቹ ቻርጅ ተደርገው በሞሉበት ቅጽበት ብቻ የሚታየውን ከፍታ ቀድቶ ለማስታወቂያ ያዋለ አኃዝ ነው። 48ና ከዚያም የሚበልጥ ቍጥር የተለጠፈባቸው ርካሽ ሳጥኖችም ቢከፈቱ ብዙውን ጊዜ እነዚያኑ አምስት ሴሎች ያስቈጥራሉ። አኃዝ ለሚያቀርበው ሰው ያደላል የሚለውን የቈየ ጥርጣሬዬን አንባቢዎቼ ያውቁታልና አልደግመውም።

ሴሉ ለሁሉም አንድ ከሆነ፣ የአንዱ ፋብሪካ ባትሪ በሌላው ድሪል ላይ የማይገባው ስለ ምንድን ነው? የተለመደው መልስ «የምህንድስና ልዩነት አለው» የሚል ነው። ይህን መልስ የሚያፈርሰው ግን ከአንድ ቤት የወጡ ወንድማማቾችን ማየት ነው። ዲዎልት፣ ብላክ ኤንድ ዴከርና ክራፍትስማን ሦስቱም የስታንሊ ብላክ ኤንድ ዴከር ኩባንያ ልጆች ሲሆኑ፣ የአንደኛው ባትሪ በሌላኛው እግር ላይ አይቆምም፤ ሚልዋኪና ርዮቢም መሣሪያዎቻቸውን የሚሠራው የሆንግ ኮንጉ ቴክትሮኒክ ኩባንያ ሆኖ ሳለ፣ ባትሪያቸው አይገጣጠምም። በአንድ ጣሪያ ሥር ያሉ መሐንዲሶች ባትሪው የሚገጥምበትን አንድ ሐዲድ መቅረጽ አቅቷቸው አይደለም። ሐዲዱ የተለያየው በገንዘብ ቤቱ ፈቃድ ነው፤ ገዢው አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ ቀጥሎ የሚገዛው የአጥር መቁረጫ፣ የሣር ማጨጃ፣ መጋዝና መርጫ ሁሉ የዚያው ቤት ይሆን ዘንድ። ገዢው ያን ሳጥን ሲገዛ በሰማንያ የተጋባ ይመስለዋል፤ ባልተስማማ ቀን ንብረቱን ተካፍሎ የሚወጣ ይመስለዋል፤ የተፈጸመው ግን ቁርባን ነው።

በዚህ ላይ የቺካጎ ትምህርት ቤት የሚባሉት የኢኮኖሚ ሊቃውንት ብርቱ ተቃውሞ አላቸው፤ ተቃውሞውም የሚናቅ አይደለም። እንደ እነርሱ አነጋገር፣ ፋብሪካዎች በሳጥኑ ገበያ እርስ በርሳቸው የሚፎካከሩ እስከ ሆኑ ድረስ፣ ነገ ከባትሪው የሚያገኙትን ትርፍ ዛሬ በሳጥኑ ቅናሽ አድርገው ለገዢው ይመልሱለታል፤ ስለዚህ ገዢው በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው ተቀብሏልና አልተበደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1992 ኮዳክ የማባዣ ማሽኖቹን መለዋወጫ ለገለልተኛ ጠጋኞች አልሸጥም ባለበት ክርክር ይህንኑ ሐሳብ ሰምቶ፣ የማሽኑ ገበያ ፉክክር ስላለበት ብቻ የመለዋወጫው ገበያ ነጻ ነው ሊባል አይቻልም፣ ገዢው የዕድሜ ልክ ወጪውን አስቀድሞ አስልቶ ማወቅ ይቸግረዋልና ሲል በ6 ለ3 ድምፅ ሳይቀበለው ቀረ። እኔ ከስድስቱ ጋር ነኝ፤ ከእነርሱም አንድ እርምጃ እልፋለሁ። ርዮቢ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የባትሪውን ቅርጽ ሳይለውጥ ስለቈየ፣ ሱቁ በሚጸናበት አገር የሚኖር ገዢ ቢታሰርም ወዴት እንደ ታሰረ ያውቃል። በእኛ ገበያ ግን አስመጪው ዘንድሮ ያመጣውን ዓይነት ለከርሞ የውጭ ምንዛሪ ሳያገኝ ሲቀር ወይም ሌላ ምርት ሲያተርፈው ይተወዋል፤ ገዢው በሳጥኑ ላይ ያገኘው ቅናሽ እውነት ቢሆን እንኳ፣ ባትሪው ከገበያ በጠፋ ቀን ያለ ዕድሜው የሞተ ሞተር በመደርደሪያ ላይ ታቅፎ ይቀራል። ሊቃውንቱ «ነገ ውድ ባትሪ ይገዛል» ብለው አሰቡ፤ «ነገ ባትሪ አይገኝም» የሚለው በሒሳባቸው ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

የመንግሥት የዋጋ ግሽበት አኃዝም ይህን ጉዳት ሊያይ አይችልም። ዋጋ ሰብሳቢው በመደርደሪያ ላይ ያለውን ዋጋ ይመዘግባል፤ ባትሪ በመጥፋቱ የተጣለው ድሪል በየትኛውም መዝገብ አይሰፍርም፤ ከዚያ በኋላ ግሽበቱ ረገበ ሲባል እንድናምን እንጠየቃለን።

ከዚህ የሚከተለውን በአጭሩ ልበል። ገንዘብ ከመክፈል በፊት የሚጠየቀው የድሪሉ ዋጋ ሳይሆን የባትሪው ዋጋ ነው፤ ባትሪው ለብቻው በሁለትና በሦስት ሱቆች ካልተገኘ፣ ሳጥኑ ምንም ያህል ቢረክስ ይተዉት። ኢንግኮና ቶታልን የመሳሰሉ በየሱቁ የሚታዩ የቻይና ምርቶች ስማቸው ከጃፓኑ ማኪታና ከጀርመኑ ቦሽ ያነሰ ቢሆንም፣ ባትሪያቸው በቅርብ እስከ ተገኘ ድረስ ለቤት ሰው እነርሱ ይሻሉታል። ለብሎኬት ግድግዳ ባለ 18 ቮልት ሆኖ መዶሻ ያለው ይበቃል፤ ለዕቃ መገጣጠሚያና ለቁም ሣጥን ባለ 12 ቮልቱ ቀላልና ምቹ ነው፤ ለጓሮ ሥራ የሚያስብ ሰው በዚያው ባትሪ የሚሠራ የአጥር መቁረጫ በእርግጥ በሱቁ ውስጥ መኖሩን፣ በካታሎግ ላይ ሳይሆን በዓይኑ ይይ። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ያለው ሰው፣ 18 ቮልት በ5 አምፔር ሰዓት 90 ዋት ሰዓት ስለሚሆን፣ ባትሪው በእጅ ሻንጣ ለመያዝ ከተፈቀደው ከ100 ዋት ሰዓት በታች መሆኑን ይወቅ። ሴል ብቻ አስለውጦ ማደስም ይቻላል፤ ብቻ ጠጋኙ በእሳት ብየዳ ሳይሆን ለዚህ በተሠራው የነጥብ መበየጃ የሚያያይዝ፣ መከላከያ ሰሌዳውንም የማይዘል ይሁን፣ አለዚያ ቤት ያቃጥላል። የኮንዶሚኒየም ምሰሶ ወይም ጣሪያ፣ ማለት ብረት ያለበት ኮንክሪት፣ ለመብሳት ግን ስለ ባትሪ መጨነቅ አያስፈልግም፤ በዓመት አንድ ጊዜ ለሚመጣ ሥራ ባለ ገመዱን ትልቁን መዶሻ ድሪል ለአንድ ቀን መከራየት ይበቃል፣ መብራት በማይጠፋበት ቀን።