ጎሮ፣ ላስቲክ የለበሰው ሞተር ሳይክል

አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ፈቃድ ከተሰጣቸው በስተቀር ሞተር ሳይክሎች እንዳይንቀሳቀሱ ስታግድ፣ አንዳንዱ ባለቤት ሸጠ፣ አንዳንዱ ወደ ክፍለ ሀገር ላከ፣ ሌላው «ነገ ይፈቀድ ይሆናል» እያለ ግቢው ውስጥ አቆመ። ጎሮ አካባቢ አጥር ጥግ ላይ ላስቲክ ለብሶ የቀረ ቦክሰር ወይም አፓቼ ማየት ዛሬም ብርቅ አይደለም። እገዳው ልክ ነበር አልነበረም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እንተወው። ጉዳያችን ከዓመታት በኋላ ላስቲኩ ተገልጦ፣ ማስነሻው ሲረገጥ አልወርድ ያለ ዕለት የሚሆነው ነው። ያን ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ መካኒክ ይሆናል። ከሚዘንበው ምክር ግን ብዙው የሚድነውን ሞተር የሚገድል ነው።

መጀመሪያ የሚሰማው «ኪሎ ሜትሩ እኮ ትንሽ ነው፣ ቆሞ ምን ይሆናል?» የሚለው ነው። ቆጣሪው መንገድ እንጂ ዝገት አይቆጥርም። ፒስተኑ አሉሚኒየም ስለሆነ አይዝግም፤ ፋሻ የሚባሉት ቀለበቶቹና የሚንሸራተቱበት ሲሊንደር ግን በአብዛኛው ብረት ናቸው፤ በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ክፍተትም ከፀጉር ይቀጥናል። ይህን ብረት የሚጠብቀው ስስ የዘይት ሽፋን ሞተሩ ሲቆም ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርዳል። ሞተሩ የቆመው አንዱ ቫልቭ እንደተከፈተ ከሆነ ደግሞ እርጥብ አየር በጭስ ማውጫው ማርሚታ ወይም በካርቡራተሩ በኩል እስከ ውስጥ ይዘልቃል። «አዲስ አበባ ደጋ ናት፣ ዝገት የቆላ ነው» የሚሉም አሉ። እንዲያውም በ2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል፤ የቀዘቀዘ ብረት ደግሞ ጤዛ ይሰበስባል። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ያችን ጠባብ ክፍተት ሞልቶ ፋሻውን ከሲሊንደሩ ጋር ያጣብቀዋል።

ላስቲኩ ራሱም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። ከላይ ዝናብ ይከለክላል፤ ከመሬት የሚነሳውን እርጥበት ግን መውጫ ያሳጣዋል። በክረምት ማለዳ አንዱን ገለጥ አድርጎ ከውስጥ በኩል ቢዳብሱት መዳፍ ይርሳል። ጣሪያ ከተገኘ ጣሪያ፣ ካልተገኘም አየር የሚያሳልፍ የጨርቅ ሸራ ይሻላል።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ግን አሳቢው ባለቤት የሚሠራው ስህተት ነው፦ «በየሳምንቱ እያስነሳሁ አጠፋዋለሁ።» ቤንዚን ሲቃጠል ከሚወጣው ነገር አንዱ ውሃ ነው፤ ከ1 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ገደማ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ሞተሩ በደንብ ሲግል እንፋሎቱ በማርሚታው በኖ ይሄዳል። 3 ደቂቃ ሠርቶ ሲጠፋ ግን ከፊሉ እዚያው ማርሚታው ውስጥ ውሃ ይሆናል፣ ከፊሉም በፋሻው አልፎ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። የዘይት መክደኛው ሲከፈት ከውስጥ በኩል ነጣ ያለ አረፋ ተለጥፎ የሚገኘው በዚህ ነው። ስለዚህ ወይ ቢያንስ 20 ወይም 30 ደቂቃ በደንብ እስኪግል መንዳት፣ ወይ ጨርሶ አለመንካት ነው። ግቢ ውስጥ አቁሞ ማስጮህ ጎረቤትንም ሞተሩንም ማስመረር ነው።

«ሞተር ተጣብቆ ከነከሰ አበቃለት፣ ለቁርጥራጭ ብረት ሽጠው» የሚሉት ደግሞ ሁለት የተለያየ በሽታ አንድ ያደርጋሉ። እየተነዳ ዘይት ጨርሶ ወይም ከመጠን በላይ ግሎ የነከሰ ሞተር የፒስተኑ አሉሚኒየም ሲሊንደሩ ላይ ተለጥፎበታል፤ ያንን መፍታትና ዕቃ መቀየር ግድ ነው። ቆሞ የነከሰውን ግን ብዙ ጊዜ የያዘው ዝገት ብቻ ነው። አንዳንዴማ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ፣ የፍሬን ሸራው ከታምቡሩ ተጣብቆ ወይም ሰንሰለቱ ደርቆ ጎማው አልዞር ስላለ ብቻ «ነክሷል» ይባላል። ዜሮ ማርሽ ላይ አድርጎ የኋላ ጎማው ለብቻው መዞሩን ማየት ይቅደም።

ከዚያ ጉልበተኞቹ ይመጣሉ፦ «ማርሽ አስገብተን እንግፋው፣ ካልሆነም በፒክአፕ እናስጎትተው።» ጎማው ወይ ዝም ብሎ ይንሸራተታል፣ ወይ ጉልበቱ ሁሉ የተጣበቀችው ፋሻ ላይ ያርፋል። ፋሻ ደግሞ አትታጠፍም፣ ትሰበራለች፤ ስባሪዋም ሲሊንደሩን ይጭረዋል። ፒስተኑን የሚገፋው ዘንግ፣ ቢላውም፣ ሊጣመም ይችላል። ማስነሻውን በእግር ደጋግሞ መደብደብም ጥርሱን ይበላዋል። በአንድ ብርጭቆ ዘይት ይለቅ የነበረው ሞተር ተጭኖ ወደ ቶርኖ ቤት ይሄዳል።

«ኮካ አፍስስበት» የሚለው ወሬ ከሜዳ አልመጣም። ኮካ ውስጥ ፎስፎሪክ አሲድ አለ፣ ዝገት በመጠኑ ያነሳል። የቀረው ግን ውሃና ስኳር ነው፤ አሲዱም ለአሉሚኒየም አይመችም። ውሃ ያመጣውን ጣጣ በሌላ ውሃ መፍታት አይሆንም። የፍሬን ዘይት የሚጨምሩም አሉ፤ ጠብ ያለበትን የታንክ ቀለም ይልጠዋል።

የሚሠራው ዘዴ አሰልቺ ነው። በካንዴላው ዙሪያ ያለው አቧራ በደንብ ይጠረጋል፤ ካንዴላው ይፈታና በቀዳዳው ናፍጣና የሞተር ዘይት እኩል ተቀላቅሎ፣ ወይም ዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ፣ ይጨመራል። ከዚያ መተው ነው፤ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት፣ እየጨመሩ። ቀጥሎ የጎን ክዳኑ ተከፍቶ ፒስተኑን የሚያንቀሳቅሰው ዋና ዘንግ፣ የኮሎው፣ ጫፍ ላይ ያለው ብሎን በቁልፍ ይያዝና ወደፊትም ወደኋላም በእርጋታ ይወዘወዛል፤ ወደሚፈታበት አቅጣጫ ከተጫኑት ብሎኑ ራሱ ይላቀቃል። የመጀመሪያዋ ንቅናቄ ዓይን የማያያት፣ እጅ ብቻ የሚሰማት ናት። እዚያ ላይ «ለቀቀ!» ብሎ መግፋት የለም፤ ሌላ ዘይት፣ ሌላ ሌሊት። ሙሉ ዙር ሲዞር ዘይቱ በካንዴላው ቀዳዳ ስለሚፈናጠር ቀዳዳው ላይ ጨርቅ ጣል ማድረግ ዓይንን ያተርፋል።

ዞረ ማለት ዳነ ማለት አይደለም። የጨመሩት ናፍጣ ወርዶ ዘይቱን አቅጥኖታልና ሳይቀየር ማስነሳት ሌላ ጥፋት ነው። የቆየው ቤንዚንም ቀላሉ ተንኖ ሙጫው ስለቀረ የካርቡራተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል፤ ተፈትቶ ይታጠባል። በካንዴላው ቀዳዳ መብራት አስገብቶ ማየትም ይጠቅማል። ቡናማ እድፍ ብቻ ከሆነ ተስፋ አለው። ግድግዳው ጎድጎድ ብሎ ተበልቶ ከሆነ ግን ቢነሳም ያጨሳል፣ ጉልበትም አይኖረውም፤ ሲሊንደሩን በቶርኖ አስፍቶ 0.25 ወይም 0.50 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ፒስተን ማስገባት፣ አለዚያም የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ወርዶ ፒስተንና ሲሊንደሩን አንድ ላይ መግዛት ነው። እንደ ያማሃ ኤጂ 100 ያሉት ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀልባቸው ሞተሮች ደግሞ ኮሎው የሚተኛበት ዘይት የላቸውም፤ ፒስተኑ ቢለቅ እንኳ ኩሽኔታው ዝጎ ሊሆን ስለሚችል ድምፁን ማድመጥ ያስፈልጋል።

ከሰፈር ምክር ልክ ሆኖ ያገኘሁት «ታንኩን ሞልተህ አቁመው» የሚለውን ነው። የተሞላ ታንክ ጤዛ የሚያዝበት ባዶ ብረት የለውም። ይህ የሚሠራው ግን የቤንዚን መዝጊያው ተዘግቶ ካርቡራተሩ ከተንጠፈጠፈ ነው፤ ሙሉ ታንክ ቤንዚንም ከሰል ከሚቀጣጠልበት ማድቤት ጎን አይቆምም።