የባቡር ፍጥነትና የሰፊው ሕዝብ ጥቅም

የምርት ኃይሎች እድገት የሚለካው በመሣሪያው ረቂቅነት ብቻ ሳይሆን የማንን ድካም አቀለለ በሚለው ጥያቄ ጭምር ነው። የቻይናን ፈጣን የባቡር መረብ የምንመረምረውም ከዚሁ አንጻር ነው።

በ2008 እ.ኤ.አ. ቤይጂንግን ከቲየንጂን ያገናኘው 120 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር በሰዓት 350 ኪሎ ሜትር የሚምዘገዘግ ባቡር አሰማራ። በ2024 መጨረሻ መረቡ 48,000 ኪሎ ሜትር ደርሶ ከዓለም ፈጣን መስመሮች ከግማሽ በላይ ሆኗል። ይህ ተአምር አይደለም። አገሪቱ ከ2004 ጀምሮ ከውጭ ኩባንያዎች ባቡር ስትገዛ ዕውቀቱም አብሮ እንዲሸጥላት በውል አስገድዳለች።

የወዛደሩን ድርሻ ለመረዳት 1,318 ኪሎ ሜትር የሆነውን የቤይጂንግ-ሻንግሃይ መስመር መመልከት ይበቃል። ከፊሉ ዳንያንግ-ኩንሻን በተባለው 164 ኪሎ ሜትር ያህል ድልድይ ላይ ያልፋል። ሠራተኞች በመቶዎች ቶን የሚመዝኑ የኮንክሪት ተሸካሚዎችን በመስመሩ ዳር እያመረቱ በልዩ ማሽን ከምሰሶ ምሰሶ አስቀምጠዋል። በዚህም የገበሬው የእርሻ መሬት ተቆጥቧል፤ ልል አፈርም ሐዲዱን እንዳያሰምጥ ተደርጓል።

ይሁን እንጂ ጥድፊያ ዋጋ ያስከፍላል። በ2011 ሐምሌ ወር በዌንዦው ሁለት ባቡሮች ተጋጭተው 40 ሰዎች ሞተዋል። ምርመራው የምልክት መሣሪያውን የንድፍ ጉድለትና የአመራሩን ቸልተኝነት አጋልጧል። የባቡር ሚኒስትሩ ሊዩ ዢጁን ከአደጋው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ከሥልጣን ተነሥቶ ነበር፤ በ2013 በጉቦ ተፈርዶበታል። የባቡር ድርጅቱ ዕዳም ከ5 ትሪሊዮን ዩዋን ይበልጣል። ይህን ሸክም በፍጥነቱ መደነቅ አያቀልለውም።

ለእኛ ከሁሉ የሚልቀው ግን በሲችዋን ተራሮች የሚያዘግመው አሮጌ ባቡር ነው። ከፑሽዮንግ ወደ ፓንዝሁዋ የሚሄደው ይህ ባቡር ትኬቱ ከ2 ዩዋን ይጀምራል። የዪ ብሔረሰብ ገበሬዎች ፍየላቸውንና አትክልታቸውን ጭነው ገበያ ይወርዱበታል። ከቤይጂንግ ሻንግሃይ ለመድረስ ከ500 ዩዋን በላይ ሲጠየቅ፣ ኪሳራ የሚያስመዘግበው ባቡር አለመቆሙ ትክክለኛ ውሳኔ ነው እንላለን።

በቻይና ኩባንያዎች ተሠርቶ በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባ-ጅቡቲ ኤሌክትሪክ ባቡር ከፈጣን መስመር አይቆጠርም፤ አያሳፍርምም። እኛን የሚያነጋግረን ሌላ ነው፤ ተሳፋሪው ከሠፈሩ እስከ ለቡ ጣቢያ የሚደርሰው በምን ያህል ወጪ ነው?