ደካማ መልስን መጠቆም ማሳበቅ አይደለም

ጥያቄ የዕውቀት መጀመሪያ እንደ ሆነ መምህሮቻችን ዘወትር ይነግሩናል። ስለ መልስ ግን ብዙ አይወራም። ዛሬ አንድ ተማሪ ጥያቄውን በኢንተርኔት ቢያቀርብ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ብዙ መልስ ያገኛል፤ ከእነዚህም አንዱ ትክክል፣ ሌላው ስሕተት፣ ሦስተኛው ደግሞ ጨርሶ መልስ ያልሆነ ሊሆን ይችላል። ታዲያ ስንዴውን ከእንክርዳዱ የሚለየው ማን ነው? ይህ ሥራ እንዴት እንደሚከናወንና እኛንም ለምን እንደሚመለከተን በአጭሩ ለመግለጽ እሞክራለሁ።

ለምሳሌ ያህል ስታክ ኦቨርፍሎው የተባለውን የጥያቄና መልስ መድረክ እንውሰድ። ጄፍ አትዉድና ጆኤል ስፖልስኪ የተባሉ ሁለት የኮምፒዩተር ባለሙያዎች እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. አቋቋሙት። በዚያ ሰዎች ስለ ኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍ ያለ ክፍያ ይጠያየቃሉ። መልሱም ለጠያቂው ብቻ ሳይሆን፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ያው ችግር ለሚገጥመው ሰው ጭምር እንዲያገለግል ይቀመጣል። ስለዚህ ደካማ መልስ የሚጎዳው አንድ ሰው ብቻ አይደለም።

ጉዳቱን ለመከላከል ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ድምፅ መስጠት ነው። መልሱ የድጋፍ ድምፅ ሲያገኝ ጸሐፊው 10 የመታመኛ ነጥብ ያገኛል፤ የተቃውሞ ድምፅ ሲያገኝ ግን 2 ይቀነስበታል። የሚያስደንቀው ነገር፣ መልስን የሚቃወም ሰው ራሱም 1 ነጥብ ይከፍላል። ስለዚህ ማንም ሰው ከመቃወሙ በፊት ነገሩን እንዲያስብበት ይገደዳል።

ሁለተኛው መንገድ ጥቆማ ነው። ጥቆማ የሚደረገው በመልስ ቦታ መልስ ያልሆነ ነገር ሲጻፍ ነው፤ ይኸውም «አመሰግናለሁ» ወይም «እኔም ይኸው ችግር አለብኝ» የሚል፣ ወይም ምንም ማብራሪያ ሳይጨምር ወደ ሌላ ገጽ ብቻ የሚመራ ጽሑፍ ነው። ያ ገጽ አንድ ቀን ሲጠፋ አንባቢው ባዶ እጁን ይቀራል። የተጠቆመውን ጽሑፍ ልምድ ያላቸው አባሎች ይመረምሩታል፤ የሚታረም ከሆነ ያርሙታል፤ ደኅና ከሆነ ይተዉታል፤ የማይረባ ከሆነ እንዲነሣ ድምፅ ይሰጣሉ። ከእነርሱም በላይ በአባሎች የተመረጡ ተቆጣጣሪዎች አሉ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። የተሳሳተ መልስና መልስ ያልሆነ ጽሑፍ አንድ አይደሉም። የተሳሳተ መልስ የሚሸነፈው በተቃውሞ ድምፅና በተሻለ መልስ እንጂ በተቆጣጣሪ ሥልጣን አይደለም። ተቆጣጣሪው ራሱ ቢሳሳት ማን ያርመዋል? ስሕተትም ከነእርማቱ ሲታይ ለሚቀጥለው አንባቢ ትምህርት ይሆናል።

ነገሩ ከእኛ ሩቅ አይደለም። በክፍላችን የቴሌግራም ቡድን «ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ የመጨረሻው ከፍታ ላይ ሲደርስ አክሰለሬሽኑ ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ቀርቦ ነበር። ፈጥኖ የመጣው መልስ «ዜሮ» የሚል ነበር። ምክንያት አልተጻፈበትም፤ ነገር ግን የጻፈው በጉብዝናው የታወቀ ልጅ ስለ ሆነ ብዙዎች በየደብተራቸው ገለበጡት። አንዲት ተማሪ በዚያች ቅጽበት ፍጥነቱ ዜሮ ቢሆንም የመሬት ስበት እንደማያቋርጥ፣ ስለዚህም አክሰለሬሽኑ ያው 9.8 ሜትር በሴኮንድ ስኴር ወደ ታች እንደ ሆነ አስረዳች። የእርሷ መልስ ግን በምስጋናና በቀልድ መካከል ተውጦ ቀረ። ስሕተቱን ያወቁት ሌሎችም «አሳባቂ» እንዳይባሉ ዝም አሉ።

እንደሚመስለኝ ዋናው ችግራችን ይህ ዝምታ ነው። ማሳበቅ ሰውን ለማስቀጣት መናገር ነው፤ መጠቆም ግን ጽሑፉ እንዲስተካከል ማድረግ ነው። የመጀመሪያው ሰውየውን፣ ሁለተኛው ነገሩን ይመለከታል።

ሆኖም «ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል» እንደሚባለው፣ አነጋገራችን ሊታሰብበት ይገባል። የመጀመሪያ መልሱ ተሰርዞበት ምክንያቱ ያልተነገረው ሰው ተመልሶ ለመጻፍ አይደፍርም። ስታክ ኦቨርፍሎውም ለአዲስ መጪዎች መልካም አቀባበል እንደሚጎድለው ድርጅቱ ራሱ በ2018 በይፋ አምኗል።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ይበልጥ ከብዷል። በ2022 መጨረሻ ቻትጂፒቲ የተባለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲወጣ፣ በእርሱ የተጻፉ መልሶች ወደ መድረኩ ጎረፉ። አጻጻፋቸው ያማረ፣ ውስጣቸው ግን ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ስለ ነበረ፣ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር እንዲህ ያለ መልስ ማቅረብ ተከለከለ። መልክ ያለው ስሕተት መልክ ከሌለው ይልቅ አደገኛ ነው፤ አንባቢ አይጠረጥረውምና።

ውድ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ፣ አንድን መልስ በደብተራችን ከመገልበጣችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ የተጠየቀውን ይመልሳልን? ምክንያቱን ይገልጻልን? ራሴ ልፈትነው እችላለሁን? ጉድለት ስናገኝም ጸሐፊውን ሳንነካ ጉድለቱን በትሕትና እንጠቁም። ክቡራን ወላጆችና መምህራንም «መልሱ ስንት ነው?» ብቻ ሳይሆን «ከምን አገኘኸው? እንዴት አወቅሽው?» ብላችሁ ብትጠይቁን፣ ዝም የሚሉት ልጆች አፍ እንዲያወጡ ትረዷቸዋላችሁ።