ስምንት ሰዓት፦ የኅብለ ሰረሰር ጉዳትና የሜቲልፕሬድኒሶሎን ክርክር

ኅብለ ሰረሰር በአከርካሪ አጥንቶች ቦይ ውስጥ የሚወርድ፣ አንጎልን ከቀሪው የሰውነት ክፍል ጋር የሚያገናኝ የነርቭ ገመድ ነው። በመኪና አደጋ ወይም ከከፍታ በመውደቅ ክፉኛ ሲጎዳ፣ ከጉዳቱ ቦታ በታች ያለው አካል መንቀሳቀስና ስሜት መለየት ይሳነዋል፤ ሽንትንና ዓይነ ምድርን የመቆጣጠር ችሎታም ይታወካል። የተበጠሰው የነርቭ ጭረት መልሶ የማደግ ዐቅሙ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ፣ ከባድ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ የዕድሜ ልክ ይሆናል። ስለዚህ ከአደጋው የተረፈውን ሕብረ ሕዋስ የሚታደግ መድኃኒት ማግኘት የተመራማሪዎች የረጅም ጊዜ ምኞት ነው። ከተሞከሩት ሁሉ እጅግ የታወቀውና ያከራከረው ሜቲልፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ ነው። ታሪኩ አንድ የጥናት ውጤት እንዴት የሕክምና ልማድ እንደሚሆን፣ ልማድ የሆነውን በማስረጃ ማረም ደግሞ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ያሳያል።

የኅብለ ሰረሰር ጉዳት ሁለት ምዕራፎች አሉት። የመጀመሪያው አጥንት ተሰብሮ ወይም ከቦታው ተንሸራቶ ነርቩን በሚጨፈልቅበት ቅጽበት የሚደርሰው ነው፤ ይህን አስቀድሞ ከመከላከል በቀር የደረሰውን መመለስ አይቻልም። ሁለተኛው ከደቂቃዎች በኋላ ጀምሮ ለቀናትና ለሳምንታት ይቀጥላል። በዚህ ጊዜ ደም ይፈሳል፣ ሕብረ ሕዋሱ ያብጣል፣ የደም ዝውውር ይቀንሳል፣ ግሉታሜት የተባለው ኬሚካል ከመጠን በላይ ይለቀቃል፣ ፍሪ ራዲካሎች የሕዋስ ሽፋንን ቅባት ያበላሻሉ፣ ብግነትም ይከተላል። በእንስሳት ላይ የተደረጉ ምርምሮች ሜቲልፕሬድኒሶሎን በከፍተኛ መጠን ሲሰጥ ይህን የቅባት መበላሸት እንደሚገታ ስላመለከቱ፣ መድኃኒቱን በሰው ላይ መሞከር ምክንያታዊ ነበር።

በዚህ መነሻ በማይክል ብራከን መሪነት በአሜሪካ ሦስት ተከታታይ ክሊኒካዊ ሙከራዎች ተካሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመው የመጀመሪያው፣ ለ10 ቀናት በቀን 100 ሚሊ ግራም የተሰጣቸውን ታካሚዎች 1,000 ሚሊ ግራም ከተሰጣቸው ጋር አነጻጽሮ በመሻሻል ረገድ ልዩነት አላገኘም፤ ከፍተኛውን መጠን በወሰዱት ላይ ግን የቁስል ኢንፌክሽን በዝቶ ታየ። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ሁለተኛው ሙከራ 487 ታካሚዎችን በዕጣ ለሜቲልፕሬድኒሶሎን፣ ለናሎክሶንና ለማስመሰያ መድኃኒት መደበ። የሜቲልፕሬድኒሶሎን መጠን በመጀመሪያ ለአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 30 ሚሊ ግራም፣ ከዚያም ለ23 ሰዓታት በየሰዓቱ 5.4 ሚሊ ግራም ነበር። በዚህ ስሌት 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በአንድ ቀን 11 ግራም የሚጠጋ መድኃኒት ይወስዳል።

ታካሚዎቹ በጠቅላላ ሲታዩ ሜቲልፕሬድኒሶሎን ከማስመሰያው የተሻለ የጡንቻ ኃይል መሻሻል አላስገኘም። ልዩነት የታየው ሕክምናው ከጉዳቱ በኋላ በ8 ሰዓት ውስጥ በተጀመረላቸው ላይ ነው። ከ6 ወራት በኋላ የእነዚህ ታካሚዎች የጡንቻ ኃይል ነጥብ በአማካይ በ16.0 ሲያድግ፣ ማስመሰያውን የወሰዱት ግን በ11.2 አደገ። ነጥቡ የሚሰላው ከ70 ሲሆን፣ የተቆጠሩት የአንድ ጎን 14 ጡንቻዎች ናቸው። በአንጻሩ ከ8 ሰዓት በኋላ መድኃኒቱ የተጀመረላቸው ከአንድ ዓመት በኋላ ሲመረመሩ፣ መሻሻላቸው ማስመሰያውን ከወሰዱት ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ተቺዎች በዚህ ውጤት ላይ ሦስት ጥያቄዎችን አነሡ። አንደኛ፣ ድምዳሜው የቆመው ከተሳታፊዎቹ አንድ ሦስተኛ እንኳ በማይሞላ ንዑስ ቡድን ላይ ነው። አጥኚዎቹ ውጤትን በጊዜ መለየት አስቀድሞ የታሰበ እንደነበር ቢያስረዱም፣ የ8 ሰዓቱ ወሰን መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ የተመረጠ ነው የሚለው ትችት አልቆመም። ሁለተኛ፣ ብዙ ንጽጽሮች ተሠርተዋል። በ5 ከመቶ የስታቲስቲክስ ወሰን 20 ንጽጽሮች ቢደረጉ፣ መድኃኒቱ ምንም ባይሠራም አንዱ በአጋጣሚ ብቻ ልዩነት ያለው ሊመስል ይችላል። ሦስተኛ፣ አምስት ያህል ነጥብ ለታካሚው ምን ማለት እንደሆነ ጥናቱ አልለካም። ነጥቡ በብዙ ጡንቻዎች ላይ ተበታትኖ ለምንም ተግባር ላይበቃ ይችላል፤ አንገቱ ላይ በተጎዳ ሰው እጅ ላይ ከተሰበሰበ ግን በራስ እጅ በመጉረስና በሰው እጅ በመጉረስ መካከል ያለው ልዩነት ይሆናል። ክርክሩን ቀላል ያላደረገውም ይኸው ሁለተኛው ዕድል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመው ሦስተኛው ሙከራ በ499 ታካሚዎች ላይ የ24 ሰዓትና የ48 ሰዓት ሕክምናን አነጻጸረ። ረዘም ያለው ሕክምና ከጉዳቱ በኋላ ከ3 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ለጀመሩት ጥቂት የተሻለ መሻሻል ቢያሳይም፣ ከባድ ሴፕሲስና ከባድ የሳንባ ምች በዝተውበት ታዩ። እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ የሆነው ክራሽ የተባለው ሙከራ ደግሞ ስጋቱን አጠናከረ። ይህ ሙከራ የተካሄደው የጭንቅላት ጉዳት በደረሰባቸው 10,008 ሰዎች ላይ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሜቲልፕሬድኒሶሎን ከወሰዱት 21.1 ከመቶ፣ ማስመሰያውን ከወሰዱት 17.9 ከመቶ ሞተው ስለተገኙ ሙከራው ከዕቅዱ በፊት ቆመ። የጭንቅላት ጉዳት ከኅብለ ሰረሰር ጉዳት የተለየ ቢሆንም፣ ከፍተኛ መጠን ያለው ስቴሮይድ ቢጠቅም እንጂ አይጎዳም የሚለው ግምት ከዚያ በኋላ ሊጸና አልቻለም።

ይሁን እንጂ ልማዱ ወዲያው አልተለወጠም። በሰሜን አሜሪካ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪሞች በተጠየቁበት ጊዜ፣ ብዙዎቹ መድኃኒቱን የሚያዝዙት በጥቅሙ አምነው ሳይሆን ባለመስጠት እንዳይከሰሱ ፈርተው እንደሆነ ገልጸዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች መመሪያ መድኃኒቱ ለዚህ ጉዳት እንዳይሰጥ መከረ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የኤኦ ስፓይን መመሪያ ግን በ8 ሰዓት ውስጥ ለደረሱ ታካሚዎች የ24 ሰዓት ሕክምናን እንደ አማራጭ አቆየው፤ ከ8 ሰዓት በኋላ መጀመርንና የ48 ሰዓቱን ሕክምና አልደገፈም። ሁለቱ መመሪያዎች ያነበቡት በአመዛኙ ተመሳሳይ ጥናቶችን ነው። የለያቸው ለንዑስ ቡድን ትንተና የሰጡት ክብደት ነው።

የነርቭ ቀዶ ሕክምና በጥቂት ከተሞች በተወሰነበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር ይህ ልዩነት ተግባራዊ ትርጉም አለው። ከሩቅ ወረዳ በሪፈር የሚላክ ታካሚ ሆስፒታል ሲደርስ ስምንቱ ሰዓት ያለፈው ከሆነ፣ ለመድኃኒቱ ከሚከራከረው መመሪያ እንኳ ድጋፍ የለውም፤ የኢንፌክሽን ስጋቱ ግን አብሮት ይቆያል። ለዚህ ታካሚ አከርካሪውን ሳያንቀሳቅሱ ማጓጓዝ፣ የደም ግፊቱ እንዳይወርድ መጠበቅ፣ በየጊዜው እያገላበጡ የመኝታ ቁስልን መከላከልና ሽንቱን በንጽሕና በካቴተር ማስወገድ ይቀድማሉ። ለወደፊት ተመራማሪዎችም የሚቀረው ሥራ ከዚሁ ይነሣል፦ የጊዜውን ወሰን ከሙከራው በፊት መወሰን፣ ከነጥብ ባሻገር ታካሚው መብላት፣ መልበስና መንቀሳቀስ መቻሉን መለካት፣ ጉዳቱንም ከጥቅሙ እኩል መዝግቦ ማሳወቅ።