ስለ አንድ የአገራችን ወፍ

በአቃቂ ወንዝ ዳር፣ በሾላና በዋርካ ዛፍ ላይ፣ ግንባሩ የቀላ ትንሽ ወፍ ይታያል። ሊቃውንት ባርቤት ከሚሏቸው ወፎች ወገን ነው፤ የስሙም ትርጓሜ ጢማም ማለት ነው፤ በወፍራሙ መንቍሩ ሥር ጢም የሚመስል ጠጕር አለውና። ደረቱ ጥቍር ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ አለበት፤ ሆዱ ጥቍርና ነጭ ዝንጕርጕር፣ የክንፉም ላባ ጠርዝ ቢጫ ነው።

ይህን ወፍ የጀርመኑ ሊቅ ኤድዋርድ ሩፔል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1837 ዓ.ም. በጽሑፍ ለዓለም አስታወቀው። መኖሪያው ኢትዮጵያና ኤርትራ ብቻ ነው፤ በሌላ አገር አይገኝም።

ምግቡ የዛፍ ፍሬና ነፍሳት ነው። ጎጆውን ግን በሣር አይሠራም፤ የደረቀውን ቅርንጫፍ በመንቍሩ ፈልፍሎ ይገባበታል እንጂ። ስለዚህ በግቢው አሮጌ ዛፍ ያለው ሰው ደረቁን ሁሉ ቈርጦ ባይጨርስ መልካም ነው፤ ለእኛ ማገዶ የሆነው ለእርሱ ቤት ነውና።