ዳንግላ መሐል ባለ ሁለት መኝታ ቤት ለምን ይጠፋል?

ከባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ዳንግላ በእግር ለመንቀሳቀስ የተመቸች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስና በእንጅባራ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና መሐሏን ያቋርጣታል፤ ሱቁም መሥሪያ ቤቱም ከዚያው ብዙ አይርቅም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዋ 25 ሺህ ገደማ ነበር። በእንዲህ ያለች ከተማ አንድ መምህርና አንዲት ነርስ ተጋብተው፣ ሁለት ልጆች ወልደው፣ ማብሰያውና ሽንት ቤቱ የራሱ የሆነ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ቢፈልጉ፣ ደላላው በቀላሉ የሚያሳያቸው ወይ ባለቤቱ በሚኖርበት ግቢ በአጥሩ ጥግ የተደረደረ ሰርቪስ፣ ወይ ከተማው ጫፍ ላይ የተሠራ አዲስ ቤት ነው። በመሐል ከተማ ለቤተሰብ የሚሆን ኪራይ ቤት የጠፋው ቦታ ስለጠበበ አይመስለኝም። ለኪራይ ብሎ ቤት መሥራት በአገራችን ከተሞች ለረጅም ጊዜ የተቋረጠ ሥራ ስለሆነ ነው።

የተቋረጠበት ጊዜ ይታወቃል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው፣ ከቤት ኪራይም ገቢ እንዳያገኝ ተከለከለ። ኪራያቸው ዝቅተኛ የነበረ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፣ ኪራያቸውም ተቀነሰ። ለድሃው ትልቅ እፎይታ እንደነበር መካድ አይገባም፤ ዛሬም በቀበሌ ቤት ጣሪያ ያገኘ ብዙ ሰው አለ። ነገር ግን ያ ኪራይ ቆርቆሮ ለመቀየር እንኳ አይበቃም ነበር፤ በአሮጌዎቹ ላይም አዲስ የሚጨምር ሰው ጠፋ። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው ኮንዶሚኒየም ደግሞ ባለ ሁለት መኝታ ቤትን ለሕዝቡ ቢያስለምድም በዕጣ የሚሸጥ እንጂ ለኪራይ የታሰበ አልነበረም። ስለዚህ ኪራይ የጓሮ ሥራ ሆኖ ቀረ፦ ባለቤቱ ገንዘብ ሲያገኝ አንዲት ክፍል ይጨምራል፣ ለአንድ ላጤ ወይም ከገጠር ለትምህርት ለመጣ ተማሪ ያከራያል።

ጫፍ ላይ ያለው ቤት ርካሽ ነው፤ ባጃጅም አለ፤ ታዲያ ምን ቸገረ? የሚል ይኖራል። እስቲ እናስላው። አንድ ጉዞ 10 ብር ነው ብንል፣ ባልና ሚስት ሄደው ሲመለሱ በቀን 40 ብር፣ በ26 የሥራ ቀን 1,040 ብር ይወጣል። የልጆቹና የገበያው ምልልስ ገና አልተቆጠረም። ከመሐሉ ቤት ጋር ያለው የኪራይ ልዩነት ከዚህ ካነሰ ርካሹ ቤት ውድ ነው። ዳንግላ ላይ ደግሞ ዝናቡም መታሰብ አለበት። በዓመት ከሚዘንበው 1,600 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ዘጠኝ አሥረኛው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይወርዳል። በበጋ ሃያ ደቂቃ የሚፈጀው የጫፍ መንገድ በሐምሌ ጭቃ ለሕፃን ልጅ የሚሞከር አይደለም።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የጤና ነው። በዳንግላ አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ ስለሆነ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ የተለመደ ነው። በአንድ ጠባብ ግቢ ተከራይ በበዛ ቁጥር የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ከውሃው ጉድጓድ ጋር ይቀራረባል፤ ክረምት ውሃው ከፍ ሲል ደግሞ ይብሳል። ይህ እውነት ነው፤ እኔም ሰርቪስ በሰርቪስ ላይ ይደርደር አልልም። መሐል ባለው ቦታ የቧንቧ ውሃና በአግባቡ የተሠራ የጋራ ፍሳሽ ማጠራቀሚያ ያለው ባለ አንድ ፎቅ ቤት ለአራት ቤተሰብ ቢሠራ፣ አሁን ካለው የተጨናነቀ ግቢ ይልቅ ውሃውን ይጠብቃል። ከተማው ወደ እርሻው በሰፋ ቁጥርም ቧንቧውና መንገዱ መርዘም አለባቸው፤ ያ ወጪ የከተማው ሁሉ ነው።

አከራዮች በበኩላቸው መንግሥት ኪራይ ከተቆጣጠረ ማን ይሠራል? ይላሉ። የ1967ቱን ላየ ቤተሰብ ስጋቱ ተገቢ ነው። የ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ግን ቤት አይወርስም። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ አይብለጥ ይላል። የሁለት ዓመት ተከራይ የተረጋገጠለት ባለቤት ብድር ለመክፈልም ይደፍራል። ዋጋው ሲወሰን የጥገናው ወጪ ካልታሰበ ግን የቀበሌ ቤቱ ታሪክ መደገሙ አይቀርም። ተከራዩም ቀብድ ከመስጠቱ በፊት መብራት ቆጣሪው የግል ነው ወይስ የጋራ፣ ውሃው በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል፣ ሽንት ቤቱን ስንት ቤተሰብ ይጠቀማል ብሎ ይጠይቅ፤ የተባለውንም ውሉ ላይ ያስጽፈው።