በረዶ በሌለበት ወራት ስኪ ፍለጋ

በሰሜኑ የዓለም ክፍል መስከረም፣ ጥቅምትና ኅዳር ለስኪ ሰዎች የጭንቅ ወራት ናቸው። ያምናው በረዶ በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይ ቀልጦ አልቋል፤ የዘንድሮው ገና አልወረደም። ስለዚህ የስዊሱም የኖርዌዩም ወጣት ሳንቃውን በትከሻው ተሸክሞ «የት ይገኝ ይሆን?» እያለ ካርታ ሲያገላብጥ ይሰነብታል። ይህን ጉዳይ ላንቻ ተቀምጠን ማንሣታችን ለአንዳንድ አንባቢ ቀልድ ይመስለው ይሆናል። ላንቻ ስሙን ከጣልያን የጭነት መኪና የወረሰ ሰፈር ነው፤ በረዶንም የሚያውቀው በክረምት ቆርቆሮውን ሲደበድብ ብቻ ነው። ዳሩ ግን ነገሩን ረጋ ብለን ብንመለከተው፣ በእነዚህ ሦስት ወራት የኖርዌዩ ልጅና የላንቻው ልጅ አንድ ዓይነት ችግር አለባቸው። ሁለቱም በረዶ የላቸውም። እንግዲህ እሱ ምን እንደሚያደርግ ብናውቅ፣ እኛም ምን ለማድረግ እንደምንችል ማወቃችን አይቀርም።

መጀመሪያ ስለ ምን ዓይነት ስኪ እንደምንናገር ግልጽ ይሁን። በሥዕል የምናየው፣ ሰው በብረት ገመድ ላይ በተንጠለጠለ ወንበር ወደ ላይ ወጥቶ በተስተካከለ ሜዳ የሚንሸራተትበት አለ፤ ይህ የባለጸጎች መዝናኛ ነው። ሌላው ግን ገመድም ወንበርም የሌለው፣ ሰው በገዛ እግሩ ተራራውን ወጥቶ በገዛ እግሩ የሚወርድበት ነው። መውጣት የሚቻለው ከሳንቃው በታች ጠጉራም ጨርቅ ስለሚለጠፍ ነው፤ ጠጉሩ ወደ ኋላ የተኛ በመሆኑ ሳንቃው ወደ ፊት ሲገፋ ይሄዳል፣ ወደ ኋላ ግን አይንሸራተትም። ቀድሞ ይህን ከባሕር እንስሳ ቆዳ ይሠሩት ነበር፤ ዛሬ ሰው ሠራሽ ጠጉር ወይም የፍየል ጠጉር ነው። ጫፍ ሲደርሱ ይላጡትና ይወርዳሉ። ከቀኑ አብዛኛው ሰዓት የሚያልቀው በመውጣት ነው፤ መውረዱ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ይህን ልብ በሉልን፣ ኋላ እንመለስበታለንና።

እንግዲህ በረዶ ያጣው ፈረንጅ ወዴት ይሄዳል? ገንዘብ ያለው ወገብን ተሻግሮ ወደ ቺሊ ወይም ወደ ኒውዚላንድ ይበራል፤ በዚያ መስከረም የክረምቱ ጅራት ነው። ገንዘብ የሌለው ዓመቱን ሙሉ የማይቀልጥ የበረዶ ግግር ወዳለበት ከፍታ ይወጣል፤ በኦስትርያ ሂንተርቱክስ የሚባለው ቦታ ለዚህ የታወቀ ነው። ነገር ግን የበረዶ ግግር በበልጋቸው ከምንጊዜውም የከፋ ነው። ስንጥቆቹን የሚሸፍነው አዲስ በረዶ ስለሌለ ገጹ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ይጠብቃል፤ ወይም ደግሞ አንድ ሌሊት የወረደ ስስ በረዶ ስንጥቁን እንደ ወጥመድ ይከድነዋል። በፊንላንድ ቩካቲ በሚባል ስፍራ ደግሞ ከ1997 በአውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ዋሻ ሠርተው ውስጡን አቀዝቅዘው ይንሸራተቱበታል።

እኛን እጅግ የገረመን ግን የዳቮስ ሰዎች ብልሃት ነው። በስዊስ አገር በዳቮስ ከተማ ክረምቱ ሲያልቅ በረዶውን እንደ ጤፍ ክምር ይከምሩትና በላዩ ሰጋቱራ ያለብሱታል። ሰጋቱራው ሙቀቱን ወደ ውስጥ አያስገባም፤ እርጥበቱም ቀስ እያለ ሲተን ክምሩን ያቀዘቅዘዋል። በጥቅምት ማለቂያ ሰጋቱራውን ገፈው የተረፈውን በረዶ በመንገድ ላይ ያነጥፉታል። በጥቂቱ ይቀልጣል እንጂ አብዛኛው ይተርፋል። ያገራችን ገበሬ እህሉን በጉድጓድ እንደሚያኖር፣ እነርሱም ክረምታቸውን ያኖራሉ ማለት ነው። አናጢ በበዛበት በእኛ ከተማ ሰጋቱራው በነጻ ይገኝ ነበር፤ የጎደለን በረዶው ብቻ ነው።

ለመሆኑ በአገራችን በረዶ አለን? እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ያሳስተናል። አማርኛ ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ እንደ ጥጥ የሚረግፈውንም፣ ከማቀዝቀዣ የሚወጣውንም በአንድነት «በረዶ» ይለዋል። ግእዝ ግን ይለያል፤ ጠጠሩ በረድ ነው፣ የሚረግፈው ሐመዳ ነው፣ ውርጩና የረጋው ውሃ አስሐትያ ነው። ሦስት ስም ያወጣ ሕዝብ ነገሩን ፈጽሞ ያላየ ሊሆን አይችልም ብለን ብንገምት ስሕተት አይመስለንም። ምንም እንኳ ቃሎቹ ለመጽሐፍ ትርጕም ቢያገለግሉም፣ ከዚያ የቀደመ ምስክር ከአዱሊስ አለ። በስድስተኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ካሌብ ዘመን ኮስማስ የሚባል የግሪክ ነጋዴ በአዱሊስ ወደብ በድንጋይ ዙፋን ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ ገልብጦ ነበር። ስሙ ያልተጠቀሰ አንድ የአክሱም ንጉሥ ድል ያደረጋቸውን አገሮች ሲቈጥር፣ ከወንዙ ማዶ ያሉትን የሰሜን ሰዎች ያነሣል፤ ተራሮቻቸው ውርጭና በረዶ የማይለያቸው መሆናቸውን፣ በረዶውም ሰውን እስከ ጕልበቱ የሚያሰምጥ መሆኑን ይናገራል። ከዚህ የሚበልጥ ያገራችንን በረዶ የሚመሰክር ጥንታዊ ጽሑፍ አናውቅም። እስከ ጕልበት! ይህ እኮ ለስኪ ከበቂ በላይ ነው።

ዛሬ ግን እንዲህ አይደለም። በስሜን ተራሮች በቧሂት ወይም በራስ ደጀን ላይ በክረምት ጠጠሩም ጥጡም ይወርዳል፤ ማለዳ ገደሉ ነጭ ለብሶ ይታያል፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ግን ጥላ ከሚያርፍበት ጥጋት በቀር ብዙ አይቆይም። ምክንያቱን በቀላል ሒሳብ ለማስረዳት እንሞክር። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። አዲስ አበባ በ2,300 ሜትር ገደማ ላይ ሆና የዓመቱ አማካይ ሙቀቷ ወደ 16 ዲግሪ ነው። ራስ ደጀን 4,533 ሜትር ስለሆነ፣ በዚህ ስሌት ጫፉ ላይ አማካዩ ከዜሮ ሁለት ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። ስለዚህ በረዶው እንዲሰነብት የጎደለን ጥቂት ዲግሪ ነው።

ነገር ግን ከከፍታው የባሰ ጠላት አለ፤ እርሱም የወራቱ አቀማመጥ ነው። በአውሮፓ ብርዱና እርጥበቱ በአንድ ወቅት ይመጣሉ፤ ሁለቱ ሲገናኙ በረዶ ይሆናል። በእኛ አገር ግን አይገናኙም። ውሃው የሚመጣው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ያን ጊዜ ደመናው ሌሊቱን እንደ ጋቢ ስለሚሸፍነው ምድር ሙቀቷን አትለቅም። ኃይለኛው ብርድ የሚመጣው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ያን ጊዜ ሰማዩ ጥርት ስላለ ሌሊቱ ውሃ ያረጋል፣ የሚወርድ ጠብታ ግን የለም። ውሃው ሲመጣ ብርዱ አልደረሰም፣ ብርዱ ሲደርስ ውሃው ሄዷል። ሁለት ባላጋራዎች በአንድ ቤት እንደሚኖሩ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። እንዲህ ከሆነ ለእኛ ዓመቱ በሙሉ በረዶ የሌለበት ወራት ነው ማለት ነው።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በባሌ ተራሮች፣ ዛሬ ቀይ ቀበሮ በሚሮጥበት በሳነቲ ሜዳ ላይ፣ በአሥር ሺዎች ከሚቈጠሩ ዓመታት በፊት የበረዶ ግግር ተኝቶ ነበር። በ2019 በአውሮፓ አቆጣጠር የታተመ ጥናት ይበልጥ የሚያስደንቅ ነገር አስታውቋል። ፊንጫ ሀበራ በሚባል፣ ከ3,400 ሜትር በላይ ባለ የድንጋይ መጠለያ ውስጥ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ይኖሩ ነበር። ግግሩ ከበላያቸው ነበረ፤ ውሃቸው የቀለጠ በረዶ ነበር፤ ምግባቸውም ትልቁ የባሌ ፍልፈል። እንግዲህ በአፍሪካ ተራራ ላይ በበረዶ ጎን መኖርን የፈረንጅ ነገር ብሎ የሚንቅ ቢኖር፣ ይህን ያስብልን።

በአህጉራችን ሌሎች ቦታዎች አሉ። በሞሮኮ አትላስ ላይ ኡካይመደን፣ በሌሴቶ ተራሮች ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለው አፍሪስኪ የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት፣ የሁለተኛው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም ለጥቅምት አይሆኑም። ኪሊማንጃሮ ላይ በ1912 በአውሮፓ አቆጣጠር ሁለት ጀርመኖች፣ ፉርትቬንግለርና ኮኒግ፣ ስኪያቸውን ተሸክመው ወጥተው በግግሩ ላይ ተንሸራተዋል። ከዚያ ወዲህ ከዚያ ግግር ከመቶ ከሰማንያ እጅ በላይ ጠፍቷል። የዓለም የሚቲዮሮሎጂ ድርጅት በ2021 ባወጣው መግለጫ፣ የአፍሪካ ግግሮች በ2040ዎቹ ጨርሰው እንደሚያልቁ ገምቷል። ዛሬ አንደኛ ዓመት የገባ ተማሪ ፀጉሩ ሳይሸብት ማለት ነው።

ታዲያ ያ ሁሉ ሳይኖር አንድ የአዲስ አበባ ልጅ ስኪ ሮጦ ለአገሩ ባንዲራ ተሸክሟል። ሮቤል ተክለማርያም አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ ሲሆን፣ በ1998 ዓ.ም. በቶሪኖ፣ ከዚያም በ2002 ዓ.ም. በቫንኩቨር በተደረጉት የክረምት ኦሊምፒኮች ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በ15 ኪሎ ሜትር የስኪ ሩጫ ተወዳድሯል። በክረምት ኦሊምፒክ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እርሱ ነው። የመረጠው ውድድር ደግሞ ቁልቁለት አይደለም፤ በደረትና በሳንባ የሚሸነፍ የሜዳና የዳገት ሩጫ ነው። ይህ ምርጫ ለእኛ ትምህርት አለው። ቀደም ሲል የስኪ ቀን አብዛኛው መውጣት ነው ብለን ነበር፤ መውጣት ደግሞ በረዶ ሳይኖርም ይለመዳል።

የዓለም ስኪ ሯጮችም በበልጋቸው የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። አንደኛው ዘዴ ጎማ ያለው ስኪ ነው፤ ክንድ የሚያህል አጭር ዘንግ ሆኖ ከፊትና ከኋላ ጎማ አለው፣ ጫማውና ምርኩዙ ግን የበረዶው ነው። አብዛኛው ፍሬን የለውም፤ ስለዚህ ለዳገት ይመቻል፣ ቁልቁል መውረድ ግን አደገኛ ነው። ሁለተኛው ዘዴ ምንም ዕቃ አይፈልግም፤ ሁለት ምርኩዝ ይዞ እየተከሉ ዳገት መዝለል ነው። ምርኩዙ ድሮ ለፈረንጆቹም ቀርከሃ ነበር። ቀርከሃ ከእኛ ገበያ አይጠፋም፤ ብብት የሚደርስ ርዝመት ይበቃል፣ ጫፉ እንዳይሰነጠቅ በቆርቆሮ ወይም በሽቦ ይታሰር።

ከላንቻ የሚነሣ ሰው የት ይሂድ? የደብረ ዘይት መንገድ ሜዳና ለስላሳ ቢመስልም በመኪና የተጨናነቀ ስለሆነ በጎማ ስኪ የሚደፍር ነፍሱን የጠላ ነው። መስቀል አደባባይ ለጀማሪ ይጠቅማል፤ በእግር የሚደረስበት ቅርብ ቦታ ነው፣ በማለዳም ደረጃውን የሚሮጡ ስለማይጠፉ ምርኩዝ ይዞ የሚወጣ ሰው ብዙ አይታዘቡትም። ዋናው ትምህርት ቤት ግን እንጦጦ ነው። በታክሲ ሽሮ ሜዳ ደርሶ ከዚያ እስከ እንጦጦ ማርያም በእግር መውጣት በመቶዎች የሚቈጠር ሜትር ያስወጣል፤ ይህ ለአንድ ማለዳ የአልፕ ሰው የሚጠግብበት ዳገት ነው። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም መንገዶች አሉት። ሰዓቱ ከነጋ በኋላ ይሁን፤ ጎሕ ሳይቀድ ጅብ አለና። በመንገዱ ላይ የባሕር ዛፍ ሸክም ያጎነበሳቸው እናቶች ሲወርዱ መንገድ መልቀቅ ይገባል። በእነርሱ ፊት «ስፖርት እየሠራን ነው» ማለት እንደሚከብድ ቀድመን እንናገራለን።

ቀኑን ሙሉ ለመሄድ የሚሻ በሰበታ በኩል ወደ መናገሻ ሱባ ጫካ ይዝለቅ። የወጨጫ ተራራ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው፤ ጥዱ ጥላ ስለሚሆን ፀሐይ አያቃጥልም፤ በመስከረም ግን ጭቃው ከበረዶ የባሰ ያንሸራትታል፣ ስለዚህ እስከ ጥቅምት አጋማሽ መታገሥ ይሻላል። ሱሉልታ ሯጮቻችን የሚለማመዱበት ሜዳ ነው፤ ለጎማ ስኪ ምቹ የሚሆነው ግን መኪና የሚያንስበት ጥርጊያ ከተገኘ ብቻ ነው።

«ምሳ በዱቤ የሚበላ ተማሪ ስኪ ምን ያደርግለታል?» የሚለንን ሰው በርግጥ እናገኛለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን ግን ይህ ነው፤ ሁለት ቀርከሃና የታክሲ ሒሳብ ከአንድ ሲኒማ ምሽት አይበልጥም። ማኅበራችን ለኳስ የሚመድበውን አንነካም፤ አንድ ጥንድ የጎማ ስኪ በጋራ ቢገዛልን ግን ለሃያ ሰው በተራ ይዳረሳል።

እውነተኛውን በረዶ በዐይኑ ለማየት የሚፈልግ ደግሞ በሐምሌ ወይም በነሐሴ ደባርቅ ወጥቶ በሳንቃበርና በጨነቅ በኩል ወደ ቧሂት ማቅናት አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት መንገዱን አስቸጋሪ ስላደረገው፣ ከመነሣት በፊት የአገሩን ሰው መጠየቅ ግድ ነው። ከደረሱም ወደ ጫፉ የሚወጡት ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ይሁን፤ ነጩም ቢገኝ የሚገኘው በገደሉ ጥላ ሥር ነው።